«ፍሬሽ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጽልና ስለ ባቱ ውኃ



የእንግሊዝኛ ቋንቋ በትምህርት ቤቶቻችንና በመሥሪያ ቤቶቻችን ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ልጆቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚማሩበት፣ ከውጭ አገር ጋራ የሚጻጻፉትም ጸሐፊዎች በየቀኑ የሚሠሩበት ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ የባዕድ ቋንቋ ሰውን የሚያሳስተው በረዥሞቹና በከባዶቹ ቃላት ብቻ አይደለም። ከባዱን ቃል ያላወቀ ሰው አለማወቁን ስለሚረዳው መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ ወይም ከርሱ የበለጠውን ይጠይቃል። አጭሩንና የተለመደውን ቃል ግን ያወቀው ስለሚመስለው ሳይመረምር ያልፈዋል። ስሕተትም አዘውትሮ የሚገባው በዚህ በር ነው።

ከነዚህ ከተለመዱት ቃላት አንዱ «ፍሬሽ» የሚባለው ቅጽል ነው። ይህ ቃል በከተሞቻችን በጭማቂ ቤቶች ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ በዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያውን ዓመት ተማሪ «ፍሬሽማን» ይሉታል። ትርጉሙ ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንዱ «ትኩስ» ይላል፤ ሁለተኛው «ንጹሕ» ይላል፤ ሦስተኛውም «አዲስ» ይላል። ሦስቱም በየስፍራቸው እውነት ተናግረዋል፤ ያለ ስፍራቸው ግን ሦስቱም ያሳስታሉ።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ቃል ልዩ ልዩ ትርጉም ለማስረዳት እንወዳለን። ለምሳሌም እንድትሆነን ባቱን መርጠናል። ባቱ ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረች፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በደንበል ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ባቱን የመረጥንበት ምክንያት ዓሣዋ፣ አትክልቷ፣ አበባዋ፣ ነፋሷና ውኃዋ ሁሉ በእንግሊዝኛ በዚህ በአንድ ቃል የሚጠሩ ሲሆኑ፣ በአማርኛ ግን ለያንዳንዱ ሌላ ሌላ ቃል ስለሚያስፈልገው ነው። ከነዚህም መካከል ስለ ውኃ የሚደረገው ስሕተት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ እስከ ልጆች ጥርስና አጥንት ድረስ ይደርሳል።

የቃሉ ሥር

የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ይህ ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፈርሽ» ይባል ነበር። የዚያን ጊዜ ዋና ትርጉሙም «ጨው የሌለበት» ማለት ነበር፤ ይልቁንም ስለ ውኃ ይነገር ነበር። በዙሪያቸው የጨው ባሕር ለከበባቸው የደሴት ሰዎች፣ የሚጠጣውን ውኃ ከማይጠጣው መለየት ዋና ነገር ስለ ሆነ፣ ቃሉ ከዚህ መነሣቱ አያስደንቅም። ኋላ የፈረንሳይ ቋንቋ ወደ እንግሊዝ አገር በገባ ጊዜ፣ ከዚያው ከጀርመን ወገን ቋንቋዎች ሥር የወጣው የፈረንሳይኛው ቃል ተጨመረበትና አዲስ የሆነውን፣ ያልደረቀውን፣ ያልሰነበተውን፣ ያልደከመውንም ሁሉ የሚገልጽ ሆነ።

የዚህ ቃል ወንድም በኢጣልያንኛ «ፍሬስኮ» ይባላል። በእርጥብ ልስን ላይ የሚሣለውን ሥዕል በዚህ ስም ይጠሩታል፤ ቃሉ በኢጣልያንኛ «ቀዝቃዛ» ማለትም ይሆናል። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። ኢጣልያኖች «ቀዝቃዛ» በሚሉበት በዚያው ቃል የሚጠራውን ዳቦ፣ እኛ በአማርኛ «ትኩስ» እንለዋለን። አንዱ ሕዝብ በብርድ፣ ሁለተኛው ሕዝብ በሙቀት አንዱን ነገር ይገልጻል ማለት ነው። ይህም ቃላት በልዩ ልዩ ቋንቋዎች አንድ ለአንድ እንደማይገጣጠሙ የታወቀ ምስክር ነው።

ቃልን በተቃራኒው ስለ መመርመር

ይህን ቅጽል ለመረዳት የሚበጀው መንገድ «ተቃራኒው ምንድር ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ምክንያቱም ይህ ቃል ብዙውን ጊዜ ባንድ ነገር ላይ ገና ያልደረሰውን ያመለክታል እንጂ በላዩ ያለውን አይናገርም። ያልጨመተ፣ ያልደረቀ፣ ያልሻገተ፣ ያልደከመ፣ ያልተለመደ ማለት ነው። ያልደረሰበትን ነገር ካወቅን፣ ትክክለኛው የአማርኛ ቃል ራሱ ይመጣል።

ለምሳሌ ስለ እህል ሲነገር ተቃራኒው ደረቁ እህል ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ «እሸት» እንላለን። ከመቂ እስከ ባቱ ባለው መንገድ ዳር የሚሸጠው የበቆሎ እሸት በእንግሊዝኛ «ፍሬሽ» ይባላል፤ «ትኩስ በቆሎ» ብንል ግን ሰሚው ከምድጃ የወጣ የተጠበሰ በቆሎ ይመስለዋል። ስለ ቅቤ ሲነገር ተቃራኒው የተነጠረው ነው፤ ስለዚህ «ለጋ ቅቤ» እንላለን። ስለ እንጀራ ሲነገር ተቃራኒው የሰነበተውና የደረቀው ነው፤ ስለዚህ እመቤቶቻችን «ለምለም እንጀራ» ይላሉ። ትኩስ እንጀራ የተባለ እንደ ሆነ ግን አሁን ከምጣድ የወጣው ነው። ስለ ማገዶና ስለ ሣር ሲነገር «እርጥብ» እንላለን። ስለ ወረቀት ሲነገር «አዲስ» ወይም «ያልተጻፈበት» እንላለን። ስለ ወታደርና ስለ ሠራተኛ ሲነገር «ያልደከመ» ማለት ነው። ስለ ወሬና ስለ ሐዘን ሲነገር ግን፣ የእንግሊዝኛው ቃልና የኛ «ትኩስ» ይገናኛሉ፤ ትኩስ ወሬ፣ ትኩስ ሐዘን እንላለንና።

በ1973 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር፣ አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋራ ያዘጋጁት የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ታተመ። በዚያው ዓመት ቮልፍ ሌስላው ቃልን ባገባቡ፣ ማለት በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት አሳተመ። የሌስላው መንገድ ለተማሪ የሚሰጠው ትምህርት ይህ ነው፤ ቅጽል ብቻውን ሲቆም ትርጉሙ አይጨበጥም፤ ከስሙ ጋራ ሲጋባ ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ ልጆቻችሁ የእንግሊዝኛ ቅጽል ሲያጠኑ፣ ከነስሙና ከነተቃራኒው እንዲጽፉ ብታዟቸው እጅግ ይጠቅማቸዋል።

ስለ ትኩስነትና ስለ ዓሣ

በአማርኛችን «ትኩስ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንዱ ሙቀት ነው፤ ሁለተኛው አዲስነት ነው። ሁለቱ በዳቦ ላይ ይስማማሉ፤ አዲሱ ዳቦ ሙቅ ነውና። በዓሣ ላይ ግን ይጣላሉ።

በደንበል ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ ይጠመዳሉ። በባቱም ስለ ዓሣና ስለ ሌሎች የውኃ ሕይወት የሚመረምር ማዕከል አለ። የስምጥ ሸለቆው አገር ሞቃት ስለ ሆነ፣ ከውኃ የወጣ ዓሣ በፀሐይ የቆየ እንደ ሆነ በጥቂት ሰዓት ይበላሻል፤ የሚያበላሹት ረቂቃን ነፍሳት በሙቀት ይበዛሉና። ስለዚህ «ትኩስ ዓሣ» የምንለው በእውነት ትኩስ ሆኖ የሚቆየው በበረዶ ውስጥ ቀዝቅዞ የኖረ እንደ ሆነ ነው። ቃሉ የሚያዘውና ነገሩ የሚፈልገው እንደምን እንደሚለያዩ ተመልከቱ።

ዓሣ የሚገዛ ሰው በሻጩ ቃል ሳይሆን በምልክት ይመን። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ፣ በጆሮው አጠገብ ያለው መተንፈሻው ቀይ የሆነ፣ ሽታውም የውኃ እንጂ የሚሰነፍጥ ያልሆነ፣ እርሱ አዲስ ዓሣ ነው። ዓይኑ የፈዘዘና የሰረጐደ፣ መተንፈሻው የጠቈረ ግን፣ ሻጩ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢያመሰግነው አይወሰድ።

ደግሞም «ፍሬሽ» እና «ጥሬ» አንድ አይደሉም። ጥሬ ማለት ያልበሰለ ነው። ዛሬ የተጠመደ ዓሣ አዲስ ነው፤ ነገር ግን ካልበሰለ ጥገኛ ትላትል ሊኖርበት ይችላል። አዲስነቱ መብሰልን አያስቀርም።

በባቱ ዙሪያ ስለሚለማው ጽጌረዳም እንዲሁ ነው። ይህ አበባ ወደ አውሮፓ በአውሮፕላን ሲላክ፣ ተቈርጦ ወዲያው ቀዝቃዛ ቤት ይገባል፤ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሚሆን ብርድም ይጠበቃል። በእንግሊዝኛ «ፍሬሽ» የሚባለው አበባ በአማርኛ «ትኩስ አበባ» ቢባል፣ አበባውን የሚያጠወልገውን ነገር ስሙ አድርገን ሰጠነው ማለት ነው። «እርጥብ» ወይም «ያልጠወለገ» ማለት ይሻላል።

ስለ ነፋስ

የእንግሊዝኛውን «ፍሬሽ ኤር» «ንጹሕ አየር» ብሎ መተርጐም ተገቢ ነው፤ ተቃራኒው በቤት ውስጥ የታፈነው አየር ነውና። ስለ ነፋስ ኃይል ሲነገር ግን ነገሩ ይለወጣል። መርከበኞች ነፋስን በሚመድቡበት በቦፎርት መለኪያ፣ «ፍሬሽ» የሚባለው ነፋስ አምስተኛው ደረጃ ነው። ይኸውም በሰዓት ከ29 እስከ 38 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ነው። በዚህ ደረጃ ቅጠል ያላቸው ትናንሽ ዛፎች መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ በየብስ ውስጥ ባሉ ሐይቆችም ላይ ጫፋቸው የሚሰበር ሞገዶች ይነሣሉ። እንግዲህ በደንበል ደሴቶች፣ ማለት በቱሉ ጉዶና በሌሎቹ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች በታንኳ ለሚሻገሩበት ውኃ፣ ይህን የአየር ማስታወቂያ «ደስ የሚያሰኝ ነፋስ» ብሎ የተረጐመ ሰው፣ ሰዎችን ከነልጆቻቸው ወደ ሞገድ ይልካቸዋል። «ጠንካራ ነፋስ» ማለት ይገባል።

ስለ ውኃ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አንድ ጸሐፊ ስለ ደንበል የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቀርቦለት «ፍሬሽ ዋተር» የሚለውን «ንጹሕ ውኃ» ብሎ ጻፈው እንበል። እንዲህ ያለ ትርጉም ብዙ ጊዜ ይታያል። አንባቢው ምን ያስባል? ሐይቁ ንጹሕ ከሆነ ይጠጣል፤ ልጆችም ይዋኙበታል ብሎ ያስባል። የእንግሊዝኛው ጸሐፊ ግን ይህን ከቶ አልተናገረም። የተናገረው ጨው እንደሌለበት ብቻ ነው።

ይህን ለመረዳት የሐይቆቹን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ደንበል 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን ትንሽ የሆነ ሐይቅ ነው። ከምዕራብ ከጉራጌ ተራሮች የመቂ ወንዝ፣ ከምሥራቅ ከአርሲ ተራሮች የቀታር ወንዝ ይገቡበታል። በስተ ደቡብም የቡልቡላ ወንዝ ከርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። ውኃው መውጫ ስላለው ጨውና ሶዳውን ይዞ ይሄዳል፤ ሐይቁም ጨው አልባ ሆኖ ይኖራል። አብያታ ግን መውጫ የለውም። ውኃው በፀሐይ ተንኖ ይሄዳል፤ ሶዳው ወደ ኋላ ይቀራል። አጠገቡ ያለው ሻላም ከ260 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ያለው ሲሆን፣ እንደ አብያታ ሶዳ የበዛበት ነው። ስለዚህ በአንድ ሸለቆ ውስጥ፣ ባጭር መንገድ፣ «ፍሬሽ» የሆነውንና ያልሆነውን ሐይቅ ማየት ይቻላል።

ይህ የደንበል ጠባይ ለዘለዓለም የተሰጠው አይደለም። መውጫው እስካለ ድረስ ብቻ የሚኖር ነው። ወንዞቹ በመስኖ እጅግ ከተቀነሱ፣ ከሐይቁም ያለ ልክ ውኃ ከተወሰደ፣ ወደ ቡልቡላ የሚፈሰው ያንሳል፤ ጨዉም ቀስ በቀስ በሐይቁ ውስጥ ይሰበሰባል። አብያታም ከደንበል የሚደርሰው ውኃ በማነሱና ለሶዳ ፋብሪካ ውኃው በመወሰዱ፣ ባለፉት አሥርታት እጅግ ሸሽቷል። በሥልጣን ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ስለ መስኖ ፈቃድ ስትመክሩ፣ ይህ ቅጽል ሊጠፋ የሚችል ሀብት መሆኑን አስቡ።

ጨው አልባ መሆን ንጹሕ መሆን አይደለም ብለናል። ለዚህ የደንበል ሐይቅ ምሳሌ ይበቃል። ውኃው ደፍራሳ ነው፤ ከብት ይጠጣበታል፤ ጐርፍም ከእርሻ ያጠበውን ያገባበታል። ደግሞም ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ በሐይቁ ዳርቻ የሚገኝ መሆኑ በሐኪሞች ተመርምሮ ታውቋል። ይህ በሽታ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚራባ፣ በውኃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል የሚገባ ነው። ስለዚህ የሚጠጣውን ውኃ ማፍላት ብቻውን አይበቃም፤ ልጆች በዳርቻው ገብተው እንዳይጫወቱ መከልከል ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ተቃራኒው ስሕተት ነው። ሰው ከደፍራሳው ሐይቅ ሸሽቶ ጉድጓድ ያስቈፍራል። ከጥልቅ የወጣው ውኃ እንደ መስተዋት የጠራ፣ ሽታ የሌለው፣ ለአፍም የሚጥም ይሆናል። ባለቤቱም ደስ ብሎት ይህ በእውነት «ፍሬሽ» ነው ይላል። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆ ምድር እሳተ ገሞራ የፈጠረው ስለ ሆነ፣ በብዙ ስፍራ የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፍሎራይድ አይታይም፤ አይሸትም፤ በምላስም አይታወቅም። ከዚህ ልክ እጅግ የበለጠውን ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱ ይደነድናል፤ ጀርባውና መገጣጠሚያው አልታጠፍ ይለዋል። ገና ጥርሳቸው በድዳቸው ውስጥ በመሠራት ላይ ያሉ፣ ማለት ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የጠጡት እንደ ሆነ፣ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም እስከ ሽምግልና እንዲሁ ይኖራል።

ይህ በሩቅ አገር የተሰማ ወሬ አይደለም። በአዳማ አጠገብ ባለው በወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ፣ የጉድጓድ ውኃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች በዚህ ምክንያት አጥንታቸው የተጐዳ መሆኑ በሐኪሞች ተጽፏል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትም ከጓደኞቻቸው ጋራ በ1987 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ስለ ኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የፍሎራይድ በሽታ ጥናት አሳትመዋል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞችም ጥርሱ ቡናማ የሆነውን ወጣት ጥርሱን አልፋቀም ብለው የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። ነቀፋው ግፍ ነው። የጥርሱን መልክ ያበላሸው ስንፍናው አይደለም፤ በሕፃንነቱ እናቱ በመልካም ሐሳብ የሰጠችው የጠራ ውኃ ነው።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

ከዚህ በላይ ከተናገርነው የሚከተለው ምክር ይወጣል። በሸለቆው አገር ተሹማችሁ ወይም ለሥራ ሄዳችሁ ቤት የምትይዙ አንባቢዎቻችን፣ ውኃውን በሦስት ጥያቄ ፈትኑት። ጨው አለበትን? ተሐዋስያን አሉበትን? ፍሎራይድ አለበትን? የመጀመሪያውን ምላስ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ማፍላት ያርመዋል። ሦስተኛውን ግን በመሣሪያ የመረመረ ብቻ ሊመልሰው ይችላል፤ ስለዚህ ከጉድጓዱ ባለቤት ወይም ከውኃ ክፍሉ የምርመራውን ወረቀት ጠይቁ።

ይልቁንም እመቤቶች ይህን ያስተውሉ። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ፍሎራይድ በቀረው ውኃ ውስጥ ይበረታል እንጂ አይቀንስም። ፍሎራይድ የበዛበት ጉድጓድ ብቻ ያለው ቤተ ሰብ፣ የዝናም ውኃ በንጹሕ ታንከር አጠራቅሞ ለመጠጥና ለወጥ ቢያደርገው፣ ይልቁንም ለሕፃናት ቢያስቀድመው መልካም ነው። በዝናም ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነውና። በባለሙያ ከተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል የተሠራ ማጣሪያም ፍሎራይዱን ይይዛል፤ ነገር ግን ከሰሉ በጊዜው ካልተለወጠ መያዙን ያቆማል። በጉድጓዱ ውኃ ልብስ ማጠብና ገላ መታጠብ ግን አይከለከልም።

ስለ አነጋገርም አንድ ነገር እንጨምር። በአሜሪካኖች ንግግር ይህ ቅጽል ስለ ሰው ጠባይ ሲነገር «ደፋር፣ አፉን የማይገታ፣ ያልታረመ» ማለት ይሆናል። እንግዲህ እንግዳ ስትቀበሉ ስለ ልጃችሁ ጤንነትና ትጋት ለመናገር ፈልጋችሁ «ልጄ ፍሬሽ ነው» ብትሉ፣ አሜሪካዊው እንግዳ ልጁን እየነቀፋችሁት ሊመስለው ይችላል።

ትርጉም የጸሐፊ ሥራ ብቻ አይምሰለን። በጽሕፈት ቤት «ንጹሕ» ተብሎ የወረደ ቃል፣ በባቱ በእናት እጅ ኩባያ ይሆናል፤ በልጅ አፍ መጠጥ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ቅጽል በፊታችሁ ሲቀርብ፣ ከስሙ ጋራ አንብቡት፤ ተቃራኒውን ፈልጉለት፤ ከዚያ በኋላ ከአማርኛችን ቃላት የሚገባውን ስጡት። ስለ ደንበል ሲነገር «ጨው አልባ» ይባል። «ንጹሕ» እና «ለመጠጥ የተገባ» የሚሉት ቃላት ግን ተመርምሮ ለተረጋገጠ ውኃ ብቻ ይጠበቁ።